ከመዶሻው የቀደመ «ደህና»

ባቡር ከመነሳቱ በፊት ጎማው በመዶሻ እየተመታ ይፈተሻል። ጎማ ይሉታል እንጂ የጎማ ዘር የለበትም፤ ሁለንተናው ብረት ነው። ጤነኛ ብረት ሲመታ «ቅጭልልል» ብሎ ይጮኻል፣ ድምፁም ቶሎ አይሞትም። የተሰነጠቀው ግን እንደ ነቃ ገንቦ «ድፍ» ብሎ እዚያው ይቀራል። ሥራው ይኸው ነው፤ መምታት፣ መስማት፣ «ደህና» ማለት። ለሚያየው ሰው ሥራም አይመስልም።

በዚያ ጣቢያ ይህን የሚሠሩት አራት ሰዎች ነበሩ። እያንዳንዱን ጎማ አራቱም በየተራ እንዲመቱት ደንቡ ያዛል። ደንቡን ያወጣው ሰው ብልህ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱ ቢያመልጠው ሁለተኛው ይሰማዋል፣ ሁለተኛው ቢዘናጋ ሦስተኛው አለ ብሎ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ። ብልሁ ሰውዬ ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ ጌጥ የሆነ ሎሚ ከእጅ ቢወድቅ ማንም ጎንበስ ብሎ እንደማያነሳው ነው።

ከፊት የሚሄዱት ጋሼ ጆሮ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን ከመዝገብ ቤት በቀር የሚያስታውስ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ መትተዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ስምንት የተሰነጠቁ ጎማዎች አግኝተዋል፣ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ሁለተኛው ፌዘኛው ነው፤ ከአንዱ ጎማ እስከሚቀጥለው ባለችው ሁለት እርምጃ ቀልድ ጀምሮ የሚጨርስ። ሦስተኛውን ዝምታ ይሉታል፤ ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ሃይማኖቱ ያደረገ ሰው ነውና ከ«ደህና» ሌላ ቃል ሳይተነፍስ ሊውል ይችላል። መጨረሻ የምትሄደው የጋሼ ጆሮ የእህት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ወስደው አሳደጓት፣ ሥራውንም ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ገና ስምንት ወሯ ስለሆነና ተራዋም መጨረሻ ስለሆነ አራተኛዋ ይሏታል።

በመጀመሪያው ወሯ አንድ ቀን ባቡር አስቁማ ነበር። የአንዱ ጎማ ድምፅ ከሌሎቹ የተለየ መሰላትና «አልጣመኝም» አለች። ባቡሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘገየ፤ ጎማው ቢታይ ምንም አልነበረበትም፤ ፍሬኑ ሳይለቅ ቀርቶ ብረቱን አንቆ ይዞት ነው ድምፁን ያፈነው። ከዚያ ወዲያ ለወራት፣ የሻይ ማንኪያ በወደቀ ቁጥር ፌዘኛው «ዝም በሉ፣ አራተኛዋ ሰማች» ይላል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ምን ታድርግ። በልቧ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

ያን ሰሞን እራት ላይ ጋሼ መከሯት። በተጠራጠርሽ ጊዜ ፊቴን እይ፣ ክፉ ነገር ካለ ፊቴ ላይ ታገኚዋለሽ አሏት። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነበር፣ እሷም አጥብቃ ያዘችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መዶሻዋን ስታሳርፍ ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው የጋሼ ጉንጭ ላይ ሆነ። ጆሮዋን የት እንደጣለችው ራሷም አታውቅም።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባቡሩ ዘጠኝ ፉርጎ አለው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል። መንገደኛው ገብቶ ተቀምጧል፣ ሻንጣ ይጎተታል፣ ሕፃን ያለቅሳል። አራቱ እንደ ልማዳቸው ከአንድ ወገን ጀምረው እየመቱ ሲሄዱ፣ ፌዘኛው አማቱ ለሦስት ቀን ብላ መጥታ ትናንት መጋረጃ ልታሰፋ መስኮት ስትለካ እንደደረሰባት ያወራል። ብረቱ ይጮኻል፤ ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ ደህና። ዜማ ሆኖ የሄደ ነገር ነው፤ እግርም እጅም አፍም በዚያው ዜማ ይሄዳሉ።

ሰባተኛው ፉርጎ ጋ ደረሱ። ሦስተኛውን ጎማ ጋሼ መቱና «ደህና» አሉ። ፌዘኛው ከመጋረጃው ሳይወጣ መታ፣ «ደህና»። ዝምታ መታ፣ «ደህና»። አራተኛዋ «ደህና» አለች፤ ከዚያ መዶሻዋ አረፈ።

ድፍ።

እግሯ ግን አልቆመም። ዜማው ይዟት ወደ አራተኛው ጎማ ሄደ፤ እሱ «ቅጭልልል» አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷ አፍ ያመለጠው ግን ከጆሮዋ ቀድሞ ነው። ጎማው ሳይመታ ደህና ነው ብላ መስክራለታለች። ከእሷ በፊት የነበሩት ሦስት ምቶች ምን ብለው ነበር ብላ ልታስታውስ ሞከረች። ምንም የለም። እሷ የሰማችው ስለ መስኮቱ ልክ ነበር።

ስምንተኛውና ዘጠነኛው ፉርጎ እንዴት እንዳለቁ አታውቅም። ዞረው የወዲያኛውን ወገን መቱ፤ እሷም አብራ ደህና፣ ደህና እያለች ጨረሰች። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሲሆን መዝገቡ ላይ ፈረሙ፤ ሦስቱ ከላይ፣ እሷ ከታች። ሳትፈርም መቅረት ትችል ነበር። ፈረመች።

ዝምታን በር ላይ አገኘችው። ሰባተኛው ፉርጎ ጋ የሰማው ነገር እንዳለ በሹክሹክታ ጠየቀችው። መሬት መሬት እያየ፣ ጋሼ ደህና ብለዋል አላት፣ ያውም ለእሱ ረጅም ንግግር ነው። ፌዘኛው ከኋላ ሰምቷት ኖሮ ፈገግ አለ። «ደግሞ ሰማሽ?» አለ፤ ቀጥሎ ግን ፈገግታው ሄደ። «ስሚ፣ ቅድም በራስሽ አፍ ደህና ብለሻል፣ አሁን ፈርመሻል። ዓይንሽን በጨው አጥበሽ የሦስት ሰው ፊርማ ውሸት ልታደርጊ ነው?»

ልክ ነው፣ ብላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምናልባትም ተሳስታ ይሆናል፤ ሦስት ሰው ሰምቶ ምንም ካላለ እሷ ማን ናት። ይህን እያሰበች ሰባተኛው ፉርጎ ጋ ራሷን አገኘችው። መጀመሪያ ፍሬኑን አየች፤ ያኔ የተሳቀባት በእሱ ነበርና። ለቋል፣ በብረቱና በፍሬኑ መካከል ጣቷ ይገባል። መዶሻዋን አነሳችና ሁለተኛውን ጎማ መታች፣ ጮኸ። አራተኛውን መታች፣ ጮኸ። ሦስተኛውን መታች።

ድፍ።

ጋሼን ውኃ መቅጃው ጋ እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘቻቸው። ሰባተኛው ፉርጎ ሦስተኛው ጎማ አልጣመኝም አለቻቸው። ጋሼ አፍ አፏን እያዩ አዳመጡና፣ ፍሬን ይሆናል አሉ። ፍሬኑን አይቻለሁ አለች። ቅዝቃዜ ይሆናል አሉ። ጎረቤቶቹ ይጮኻሉ አለች። ጋሼ እጃቸውን ቀስ ብለው አደረቁ፤ ፊታቸው ላይ ያየችው ነገር ቁጣ ይሁን ድካም ለመለየት አስቸገራት።

«እኔ ምን አልኩ?» አሏት።

«ደህና ነው ብለዋል።»

«እንግዲያ ጎማውን ነው የተጠራጠርሽው ወይስ እኔን?»

መዶሻዋን ይዛ ወደ ባቡሩ ዞረች። አብረዋት ሄዱ፤ ካሳደጉት ልጅ ፊት ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ሲጠየቅ ዝም ብለው ሊቆሙ አልቻሉም። ሰባተኛው ፉርጎ ጋ ሲደርሱ ዞረው ጀርባቸውን ሰጧት። «እንኳን እያየሁት፣ ጀርባዬን ሰጥቼም እነግርሻለሁ። ምቺ» አሉ።

ሁለተኛውን መታች፤ ጮኸ። ጋሼ «ደህና» አሉ። ወደ ሦስተኛው ተሻገረች፣ መዶሻዋን አነሳች፣ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ፈርታ ነው። ይህን ድምፅ ሰምተው «ደህና» ካሉ ከዛሬ ጀምሮ ወይ ጆሮዋን ወይ ጋሼን መጣል አለባት፤ ሁለቱን ይዛ መሄድ አትችልም። በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴትዮ ብርቱካን እየላጠች ቁልቁል ታያታለች። መዶሻው አልወረደም።

«ደህና» አሉ ጋሼ።

ሴትዮዋ ብርቱካኗን መላጧን ቀጠለች። ጋሼ ዞሩ፣ የእህታቸውን ልጅ ፊት አዩና ለዘብ አሉ። «አሁንስ አመንሽ?»

«አመንኩ፣ ጋሼ።»

ትከሻዋን ቸብ አድርገዋት ሄዱ። እሷ እዚያው እንደቆመች እቤት ያለው ራዲዮ ትዝ አላት፤ ጋሼ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ የሚከፍቱት። እትዬም ትዝ አሏት፤ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ካልተናገሩ መልስ ስለማያገኙ «ይኸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ» እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ያኮረፉት። አንድ ቤት እየበሉ፣ አንድ ቤት እያደሩ ማንም አላወቀም። ሆዷ ባባ። ካለቀሰች ግን ባቡሩ ይሄዳል፤ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

አራቱም እያንዳንዳቸው ቁጥራቸው የተጻፈበት አንድ ቀይ የብረት ሰሌዳ አላቸው። ሰሌዳው ሐዲዱ ላይ ከተሰካ ባቡሩ አይንቀሳቀስም፤ ሊያነሳው የሚችለውም የሰካው ሰው ብቻ ነው፣ የጣቢያው ኃላፊ እንኳ አይነካውም። በጣቢያው ውስጥ እስከ ዛሬ ተሰክቶ የሚያውቅ ሰሌዳ ቢኖር አንድ ቁጥር፣ የጋሼ፣ ብቻ ነው። አራት ቁጥር ከተቀባ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። አወረደችው። መሮጥ አማራት፣ ከሩቅ የሚያያት ሰው ስለነበር ግን እየተራመደች ሄዳ ከባቡሩ አፍንጫ ፊት ሐዲዱ ላይ ሰካችው።

ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ምንድነው ነገሩ አለ። ኃላፊው ከቢሮው ወጣ፣ መዝገቡን በክንዱ ይዞ። ጨዋ ሰው ነው፣ አይጮኽም፤ ባይጮኽም የሚያስፈራ ሰው አለ። አራት ፊርማ እንዳለ አሳያትና የመጨረሻው የማን እንደሆነ ጠየቃት።

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያ ከማን ጋር ነው ክርክርሽ?»

«ከራሴም ጋር ነው። ስፈርም ተሳስቻለሁ።»

«ጋሼ ጆሮስ ምን አሉ?»

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። መዶሻዬን ሳላሳርፍ ደህና አሉኝ ብትል ክርክሩ እዚያው ያበቃል፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ስምም አብሮ ያበቃል። ጋሼ ከፌዘኛው አጠገብ ቆመው አፍ አፏን ያያሉ።

«እሳቸው ደህና ብለዋል። የሰማሁት እኔ ነኝ» አለች።

ኃላፊው መዝገቡን ዘጋ። ሰሌዳዋን ማንሳት እንደማይችል ያውቃል፤ እሷም ያውቃል እንደሆነ ግን ማረጋገጥ ፈለገ። እስከ ሦስት ሰዓት ከሃያ ጊዜ ሰጥቻለሁ አለ። እስከዚያ ጎማው ላይ የሚታይ ነገር ካልተገኘ ሰሌዳሽን ራስሽ ታነሻለሽ፣ መዶሻሽንም አስረክበሽ ትሄጃለሽ። ለሁለተኛ ጊዜ ነው፣ ሦስተኛ አይኖርም አላት።

የሚታይ ነገር ማግኛው አንድ ዘዴ ነው፤ ላምባና ጠመኔ። ጎማው ተፍቆ ላምባ ይቀባል፣ ስንጥቅ ካለ ላምባው ይሰርግበታል። ከዚያ ላዩ ተወልውሎ ይደርቅና የጠመኔ ዱቄት ይለብሳል። ውስጥ የገባው ላምባ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲመለስ ነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል። ስንጥቅ ከሌለ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የሚቸኩል ሰው የሚያቻኩልበት ዘዴ የለውም።

ላምባውን ማን እንዳመጣው ባየች ጊዜ ገረማት። ዝምታ ነው። ማንም ሳያዘው ጣሳውን፣ ጨርቁንና ጠመኔውን ይዞ መጥቶ ጎማው ሥር በርከክ ብሎ መፈቅፈቅ ጀመረ። ጨርቅ ስታቀብለው ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«እኔም ሰምቼው ነበር።»

የሰማችው ነገር እስኪገባት ድረስ ጨርቁ እጇ ላይ ቀረ። «ታዲያ ለምን ደህና አልክ?»

«ሁለት ሰው ደህና ብሎ…» ብሎ ተወው።

«ተነስና ንገራቸው።»

ዝምታ ላምባውን መቀባቱን ቀጠለ። ከአንገቱ በላይ ደም የወጣ ይመስል ቀልቷል፣ ግን አልተነሳም። ያኔ የተሰማት ንዴት በፌዘኛው ላይ እንኳ ተሰምቷት አያውቅም። ጆሮ ያለው፣ የሰማ፣ ያመነ ሰው አጠገቧ ተንበርክኮ እያለ ብቻዋን ናት። በኋላ ስታስበው ግን ላምባውን ያመጣው እሱ መሆኑን መርሳት አልቻለችም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። የመነሻው ደወል አልተደወለም። መንገደኛው መጀመሪያ በመስኮት አየ፣ ቀጥሎ ወረደ፣ ቀጥሎ ከበባቸው። አንዱ ሐኪም ቀጠሮ አለብኝ ይላል፣ አንዱ ሠርግ። ሰው ሲበዛ ሁሉም ልክ ይመስላል። ይህች ናት ያቆመችው የሚል ድምፅ ከወዲህም ከወዲያም መጣ፣ ጣትም ተቀሰረባት። ብርቱካን የምትልጠው ሴትዮ ሳትቀር ወርዳ፣ ቅድም ሽማግሌው ደህና ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብላ ለሚሰማትም ለማይሰማትም ትመሰክራለች።

ዝምታ ላምባውን ወለወለ፣ ጠመኔውን ነሰነሰ። ጎማው ነጭ ሆነ። ሦስት ሰዓት ከስምንት፣ ነጭ ነው። ከአሥራ ሁለት፣ ነጭ ነው። ፌዘኛው ቀርቦ ጎንበስ ብሎ አየና፣ እንዲህ አምሮበት አያውቅም፣ ሙሽራ አስመሰላችሁት አለ። ሰዉ ሳቀ። ምናልባት ያቺ ሴትዮም፣ ኃላፊውም፣ ሁሉም ልክ ናቸው። ምናልባት «ድፍ» ያለው ጎማው ሳይሆን የእሷ ጭንቅላት ነው። ሰሌዳው ከባቡሩ አፍንጫ ፊት ነው ያለው፤ ሄዳ ብታነሳው ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይወዳታል። እግሯ አንድ እርምጃ ሄደ እንኳ፤ ራሷ አይታዋለች።

ጋሼ መንገድ ዘጉባት። ከሰዉ ዘወር አድርገው በሁለት ፉርጎዎች መካከል አቆሟት። ቁጣቸው ጠፍቶ ልመና ሆኗል፣ ከቁጣውም ይህ ከበዳት።

«አንሺው ልጄ። ስላሳደግኩሽ ብለሽ አንሺው። ሰው ፊት እኔንም አንቺንም አታዋርጂን።»

ልታነሳ እየሄደች ነበር። ይህን ቃል ስትሰማ ግን ቆመች፤ ሊያስነሳት የመጣው ቃል መልሶ ተከላት። ፊታቸው ፊት ለፊት ቆማ፣ አፏን በደንብ እንዲያዩት ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን ብቻ ነው የመታሁት። ሦስተኛውን አልመታሁትም።»

የጋሼ እጅ ወደ ጆሯቸው ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። የራሱን ድምፅ መጠን እንዳጣ ሰው፣ ከሹክሹክታ በታች በሆነ ድምፅ ተናገሩ።

«ቀጭን ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከኋላዬ ሦስት ሰው አለ፣ እኔ ቢያመልጠኝ እነሱ ይሰማሉ ብዬ ነው።»

«እኛም ከፊታችን እርስዎ አሉ ብለን ነው፣ ጋሼ።»

ተያዩ። አራት ሰው፣ አራት መዶሻ፣ በቀን ስንት መቶ ጎማ፣ ሁለት ዓመት። ባቡሮቹ ሁሉ በሰላም የገቡት በእነሱ ጆሮ አልነበረም፤ በፈጣሪ ቸርነት ነው። ጋሼ ይህ እንደ ገባቸው ፊታቸው ላይ አየችው፤ ክፉ ነገር ካለ ፊቴ ላይ ታገኚዋለሽ ያሉት ቃል ያን ዕለት ብቻ እውነት ሆነ።

ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ነበር ከፉርጎዎቹ መካከል ሲወጡ። ኃላፊው ሰዓቱን ያያል። ጋሼ ሰዉን በክንዳቸው እየገፉ አልፈው ጎማው ሥር ተንበረከኩ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ የዝምታን መዶሻ ተቀብለው ብረቱ የዋጠውን ላምባ እንዲተፋ ከጠመኔው ዳር ዳር መምታት ጀመሩ። ድፍ፣ ድፍ፣ ድፍ። አይሰሙትም፤ እያዩ ነው። ሌላው ሁሉ የሚያየው ነጭ ጠመኔ ነው። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ጎማው ጠርዝ አስጠጉ፣ ጣታቸውም ሳይነካው፣ አንዲት ፀጉር የምታህል መስመር ተከትላ ወደ መሃል ሄደች። ከጣታቸው ኋላ መስመሯ እየጠቆረች፣ እየረዘመች፣ ከታች እስከ ወገብ ደረሰች።

ጋሼ ተነሱ። ጉልበታቸው ላይ ጠመኔ አለ።

«ተሰንጥቋል» አሉ፣ ከሚገባው በላይ በሚጮኽ ድምፅ። «ከጠርዙ እስከ ወገቡ። ሁለተኛ ነገር አለኝ። እኔ አልሰማሁትም። የሰማችው እሷ ናት። እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ የምሰማው ነገር የለም፤ ይህም ይመዝገብ።»

ማንም አልሳቀም። ሐኪም ቀጠሮ ያለበት ሰው ጎማውን አየ፣ ሐዲዱን አየ፣ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ዝምታ ብድግ አለና፣ ከረፈደ በኋላም ቢሆን፣ እኔ ሰምቼ ነበር አለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ፉርጎው አዙሮ ተንሰቀሰቀ። እሷ ሄዳ ሐዲዱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሰባተኛው ፉርጎ ተነጥሎ እስኪወጣ ሰሌዳዋን አላነሳችም።

በማግስቱ ጋሼ አልተሰለፉም። ላምባና ጠመኔ ክፍል ይሁኑ ተባለ፤ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። ስማቸው ያው ጋሼ ጆሮ ነው፤ አንድ የማያውቅ ሰው ለምን እንደሚባሉ ሲጠይቃቸው፣ ድሮ ነበረኝ ብለው ይመልሳሉ። ኃላፊው አራተኛዋን ከፊት አሰለፋት። ፌዘኛውም ቢሆን ተለውጧል፤ ጠዋት ላይ ከልቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፣ ማንኪያም ቢወድቅ ዝም ይላል።

የመጀመሪያውን ፉርጎ መቱ። መዶሻዋን አሳርፋ፣ ድምፁ እስኪሞት ጠብቃ «ደህና» ትላለች፤ ከኋላዋ ደህና፣ ደህና ይከተላል። ሁለተኛው ፉርጎ ላይ አንድ ነገር ጆሮዋን ነካው። ሳትዞር ሰማች። እሷ «ደህና» ትላለች። ቀጥሎ «ደህና» የሚል የፌዘኛው ድምፅ ይመጣል። መዶሻው ከዚያ በኋላ ያርፋል።

አንድ ጎማ ጨምራ ሰማች። ቃሉ፣ ከዚያ መዶሻው። ዞር ስትል ሁለቱም ጎማውን አያዩም ነበር፤ የሚያዩት ፊቷን ነው። በእምነት፣ በፍቅር ጭምር ነው የሚያዩት። ጋሼ ሁለት ዓመት ይህን ተሸክመው እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደነበር አልገባት አለ።

መዶሻዋን አወረደች። ፌዘኛውን ዘጠነኛው ፉርጎ ጋ ሄደህ ከዚያ ጀምር አለችው፤ ዝምታን ከወዲያኛው ወገን። ማንም «ደህና» እንዳይል፤ እያንዳንዱ የሰማውን ብቻውን በወረቀት ይጻፍ፣ ሲያበቃ ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ይታያሉ። ዝምታ ወዲያው ሄደ። ፌዘኛው ቆመ፤ በሕይወቱ እንደዚያን ዕለት ከልቡ የጠየቀ አይመስለኝም።

«ብቻዬን ከሆንኩ፣ ተሳስቼ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለችው። «ለዚህ ነው የምትሰማው።»

ትንሽ አመነታና ሄደ። ዘጠነኛው ፉርጎ ጋ ሲደርስ ወደ እሷ ዞሮ አየ፤ ፊቷን አዞረችበት። ከዚያ መዶሻው ሲያርፍ ሰማች፤ ብረቱ ጮኸ፣ እየቀጠነ ሄደ፣ ጠፋ። ከፌዘኛው አፍ ምንም ቃል አልወጣም። እሷም መዶሻዋን አንስታ ወደ ራሷ ጎማ ተመለሰች።